በሊቅያ ባሕር ዳር

ዕረፍት የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ነገር ይናገራል፤ ከሥራ ማረፍንም ይናገራል፥ ከዚህ ዓለም መለየትንም ይናገራል። ምናልባት ስለዚህ ይሆናል፥ ጤነኛ ሰው ሥራውንና ቤቱን ትቶ ለዕረፍት ብቻ ባሕር ተሻግሮ ሄደ ሲባል ነገሩ ደስ የማይለን። አባቶቻችን መንገድ የሚወጡት ለስለት፥ ለንግድ፥ ለሙግት፥ ወይም የሞተ ዘመድ ለማልቀስ ነበር። ባሕር ለማየት፥ ፍሬ ለመቅመስ፥ የፈረሰ ከተማ ለመጎብኘት ብሎ ስንቁን የሚያስር ሰው በእነርሱ ዘንድ ከሰነፍ ይቈጠር ነበር። እኔም፥ አንባቢ ሆይ፥ እስከዚህ ጉዞ ድረስ እንደዚሁ አስብ ነበር። በ2017 ዓ.ም. በሰኔ ወር ግን በቱርክ አገር በስተ ደቡብ ባለው የሜዲትራኒያን ባሕር ዳር አሥር ቀን ቈይቼ ስለ ተመለስሁ፥ ያየሁትንና የደረሰብኝን ሳልሸሽግ እጽፋለሁ።

ወደዚያ የወሰደኝ የባሕር ናፍቆት አልነበረም። የእናቴ ልጅ የሆነ ታላቅ ወንድሜ በጀርመን አገር ይኖራል። እናታችን በ2008 ዓ.ም. በጥር ወር ባረፈች ጊዜ ለቀብሯ አልመጣም፤ ገንዘብ ብቻ ላከ። እኔም ሰባተኛው ቀን ሳይደርስ፥ ወደዚያ በሚሄድ ሰው እጅ ደብዳቤ ላክሁበት። በአንደኛው ገጽ የቀብሯን ነገር በዝርዝር ጻፍሁ፤ ማን እንደ ፈታት፥ በየትኛው ዛፍ ሥር እንዳረፈች፥ ከጎረቤት ማን ማን እንደ ቆመ። በሁለተኛው ገጽ ግን፥ ብር ሬሳ አይሸከምም፥ እናትህን በባንክ ቀበርሃት የሚል ቃል ጻፍሁ። መልስ አልመጣም። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በበዓል ቀን እንኳን አደረሰህ ከመባባል በቀር አልተነጋገርንም።

ከትንሣኤ በዓል በኋላ ወንድሜ ደወለልኝና፥ “በሰኔ ዕረፍት አለኝ፤ የጀርመን ሰዎች በየዓመቱ ወደሚወርዱባት ወደ አንታልያ ከተማ እሄዳለሁ፤ መጥተህ በዚያ እንገናኝ” አለኝ። እንቢ ለማለት አሰብሁ። የነፍስ አባቴን ብጠይቃቸው ግን፥ “ጾመ ሐዋርያትን ከወንድምህ ጋር ተጣልተህ ከምትጾም ታርቀህ ብትበላ ይሻላል፤ ታርቀህ ብትጾም ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል” አሉኝ። ስለዚህ ሄድሁ።

አንታልያ በቅዱስ መጽሐፍ አጣልያ የተባለችው ከተማ ናት። ጳውሎስና በርናባስ የመጀመሪያውን ጉዟቸውን በፈጸሙ ጊዜ ከጴርጌን ወርደው ወደ አንጾኪያ የተሳፈሩባት ወደብ ይህች እንደ ሆነች የሐዋርያት ሥራ በ14ኛው ምዕራፍ ይነግረናል። የቈረቈራት የጴርጋሞን ንጉሥ ዳግማዊ አታሎስ ሲሆን ስሟም ከእርሱ የመጣ ነው። በ130 ዓ.ም. ቄሣሩ ሐድርያኖስ ሊጎበኛት በመጣ ጊዜ ለክብሩ የተሠራው ሦስት ቅስት ያለው የእብነ በረድ በር እስከ ዛሬ ቆሟል፤ (የጥንቱን ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንደምጽፍ አንባቢ ይወቅልኝ)። በበሩ ሥር ያለው ድንጋይ ስንት ዘመን በሠረገላ መንኰራኵር እንደ ተፋቀ፥ እንደ ቦይ ተቦርቡሮ ይታያል።

ከተማይቱ የተቀመጠችው በባሕሩ አፋፍ በገደል ላይ ነው። ዱደን የሚባለው ወንዝ ከከተማው ዳር ደርሶ ሌላ መንገድ ሳይፈልግ ከገደሉ ላይ ቀጥታ ወደ ባሕሩ ይወድቃል፤ ጨው ያለው ውኃና ጨው የሌለው ውኃ በአንድ ጩኸት ሲገናኙ ማየት ድንቅ ነው። ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ተራሮች ከውኃው ዳር ተነሥተው እንደ ግንብ ይቆማሉ። ባሕሩም ከዳር እንደ ብርሌ የጠራ፥ ወደ መካከል ሲሄድ እንደ ሐር ሰማያዊ ነው። እኔና ወንድሜ ግን ይህን ሁሉ ውበት ጎን ለጎን ቆመን ስናይ እንደ ሁለት እንግዶች ነበርን። “ደከመህ?” ይለኛል፤ “እግዚአብሔር ይመስገን” እለዋለሁ። “ሙቀቱ ጠና” እለዋለሁ፤ “አዎን፥ ጠና” ይለኛል። ጠጉሩ ነጥቶ ነበር፤ እኔም ይህን አይቼ ደነገጥሁ፥ ነገር ግን አልነገርሁትም።

ጾም ስለ ነበረ፥ የምበላው አጥቼ እቸገራለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር። ፍርሃቴ ከንቱ ሆነ። በዚያ አገር በወይራ ዘይት ብቻ ተሠርቶ ቀዝቅዞ የሚቀርብ የአትክልት ወጥ አለ፤ ስሙም ራሱ “የወይራ ዘይት ያለበት” ማለት ነው። አረንጓዴ ፋሶልያ፥ ባደንጃን፥ በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ፥ ሁሉም እንዲህ ይሠራል። የአንታልያ ሰዎች ደግሞ ፒያዝ የሚሉት የራሳቸው ምግብ አላቸው፤ የተቀቀለ ነጭ ባቄላ ሆኖ ከሰሊጥ ልውስ፥ ከሎሚና ከነጭ ሽንኩርት ጋር የሚቀርብ ነው። በላዩ የሚቀመጠውን እንቁላል እንዲያስቀሩልኝ ወንድሜ በምልክት ሲያስረዳልኝ፥ “እርሱስ አይጾምምን?” ብዬ በልቤ ፈረድሁበት። ምግቡ ሲቀርብ ግን የእርሱም ሳሕን እንቁላል የሌለበት ነበር። በልቤ የፈረድሁት ሳይሰማ ስለ ቀረ አመሰገንሁ።

በአራተኛው ቀን መኪና ተከራይተን በባሕሩ ዳር ወደ ምዕራብ ሄድን። ጥንት ሊቅያ ይባል የነበረው አገር ይህ ነው። መንገዱ አንድ ጊዜ ወደ ውኃው ይወርዳል፥ አንድ ጊዜ ወደ ጥድ ደን ይወጣል። በታችኛው ወገን ብርቱካን፥ ሮማንና ወይራ፥ በላይኛው ወገን ደግሞ አርዘ ሊባኖስ ይበቅላል፤ በስሙ የሊባኖስ ይባል እንጂ ዛሬ ሰፊው ደኑ የሚገኘው በዚሁ በቶሮስ ተራራ ነው። አንድ ኰረብታ ላይ ቆመን ስንወርድ ጫማችን የረገጠው ቅጠል ሸተተን። ወንድሜ ጐንበስ ብሎ ቀነጠሰና አፍንጫው ላይ አድርጎ፥ “ጦስኝ ነው” አለ። ሁለታችንም የእናታችንን ሻይ አሰብን፤ ሁለታችንም ዝም አልን።

በዚያች ሌሊት ያናርታሽ ወደሚባለው ተራራ ወጣን፤ ትርጕሙ “የሚነድ ድንጋይ” ማለት ነው። ከዓለቱ ስንጥቅ የሚወጣ ጋዝ በየስፍራው እንደ ምድጃ ይነዳል፤ እንጨት የለውም፥ የሚቆሰቁሰውም የለም፤ እንዲሁ ብዙ ሺህ ዓመት ሲነድ ኖሯል። የጥንት ግሪኮች እሳት የሚተፋ ኪሜራ የሚሉት አውሬ በዚህ እንዳለ ያወሩ ነበር። ወንድሜ በእሳቱ አጠገብ ተቀምጦ እጁን ዘረጋና፥ “እንዲህ ያለ እሳት ሰው ውስጥም አለ” አለኝ። ስለ ማን እንደ ተናገረ አልጠየቅሁትም፤ አውቄው ነበርና።

በማግሥቱ ደምሬ ደረስን። ይህች የጥንቷ ሙራ ናት፤ በ4ኛው መቶ ዓመት ጳጳሷ የነበረው ቅዱስ ኒቆላዎስ ነው። ለማግባት ጥሎሽ ላጡ ለሦስት ደናግል በሌሊት ወርቅ በመስኮት እንደ ወረወረላቸው የሚነገረው የእርሱ ነገር ነው፤ ኋላም በምዕራብ አገሮች ለሕፃናት ስጦታ የሚያመጣ ሽማግሌ ሆኖ የሚሣለው በእርሱ ስም ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ዛሬ የሚጎበኝ የጥንት ሕንጻ ነው። በየዘመኑ ፈርሶ በየዘመኑ ታድሷል፤ በ19ኛው መቶ ዓመትም ከሩስያ በመጣ ገንዘብ ተጠግኖ ነበር። የቅዱሱ ዐፅም ግን በዚያ የለም፤ በ1087 ዓ.ም. ከኢጣልያ የመጡ የባሪ ከተማ መርከበኞች ወስደውታል። ወለሉ በልዩ ልዩ ቀለም እብነ በረድ የተነጠፈ፥ ግድግዳው የቅዱሳን ሥዕል የነበረበት፥ ብዙው ግን የደበዘዘ ነው። አንዲት ሴት ወይዘሮ በባዶው መቃብር አጠገብ ቆማ በማላውቀው ቋንቋ ስትጸልይ አየሁ፤ ጐብኚዎችም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉላት።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚገባው ሰው በደረጃ ወደ ታች መውረዱ ነው። “ሲሠራ ጕድጓድ ውስጥ ነውን?” ብዬ ጠየቅሁ። አይደለም፤ የሙራ ወንዝ በየክረምቱ ከተራራው ያመጣው ደለል ከተማውን ከነቤተ ክርስቲያኑ ቀበረው። ከከተማይቱ የሚታየው በገደሉ ላይ እንደ ቤት ተወቅሮ የቀረው የጥንት መቃብርና ትልቁ የቴአትር ስፍራ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ከምድር በታች ነው። በላዩም ዛሬ የደምሬ ገበሬዎች በመስተዋትና በላስቲክ ቤት ቲማቲምና ቃሪያ ያበቅሉበታል፤ ከተራራ ላይ ሆኖ ለሚያየው ሜዳው ሁሉ እንደ ሐይቅ ያብለጨልጫል።

ቀትር ላይ ከከተማው ወጣ ብለን በአንዲት ባልቴት ደጅ ምሳ በላን። ሊጡን በቀጭን ዘንግ እንደ ወረቀት እስኪሳሳ ዳምጣ፥ ቅጠላ ቅጠልና ድንች ሸፍና፥ እንደ ጋሻ በጐበጠ ብረት ላይ ትጋግረዋለች፤ ጎዝሌሜ ይሉታል። የእኛ ምጣድ ከሸክላ የተሠራና የተዘረጋ ነው፥ የእርሷ ከብረት የተሠራና የጐበጠ ነው፤ ነገር ግን ጭሱ አንድ ነው፥ ከጭሱ ዓይንን የመለየት አኳኋኑም አንድ ነው። ወንድሜ እጆቿን ሲያይ መብላቱን ተወ። ልጇ በጀርመን አገር ብዙ ዘመን የሠራ ሰው ነበርና ከወንድሜ ጋር በጀርመንኛ ተጫወቱ። እርሷም አንድ ነገር አለችው፤ ወንድሜም ሣቀና ተረጐመልኝ፦ “አንድ ማኅፀን ያወጣችሁ እንደ ሆናችሁ ግንባራችሁ ይናገራል፤ ለምን እንደ ተኳረፉ ሰዎች ትቀመጣላችሁ ትላለች።” ሻይ በወገበ ቀጭን ብርጭቆ አመጣችልን፤ የሁለተኛውንም ዋጋ አልቀበልም አለች።

ከዚያ ወደ ባሕሩ ወረድን። አንድሪያኬ የሚባለው የሙራ ወደብ በዚያ ነበር። የሐዋርያት ሥራ በ27ኛው ምዕራፍ እንደሚናገር፥ እስረኛው ጳውሎስ ወደ ሮም ሲወሰድ በሙራ ከመርከቡ ወርዶ ከእስክንድርያ ወደ ኢጣልያ በሚሄድ መርከብ ተሳፈረ፤ በመርከቡ ውስጥም 276 ነፍስ ነበረ፥ ጭነቱም ስንዴ ነበር። የግብጽ ስንዴ ወደ ሮም የሚሄደው በዚህ ወገን ነበርና፥ ሐድርያኖስ በኋላ በዚሁ ወደብ ታላቅ የእህል ጎተራ አሠራ። ጎተራው ጣራው ታድሶ ዛሬ የሊቅያ ቤተ መዘክር ሆኗል፤ በደጁ ላይም የቄሣሩና የንግሥቲቱ የሳቢና ምስል ተቀርጾ ይታያል። የግብጽን እርሻ ያለመለመው አፈር ከእኛ ደጋ በዓባይና በተከዜ የወረደ መሆኑን ሳስብ፥ በዚያ ጎተራ ውስጥ እንግድነቴ ጥቂት ቀለለኝ።

ከጎተራው ደጅ ቆሜ ባሕሩን ብፈልግ አጣሁት። መርከብ ይታሰርበት በነበረው ስፍራ ሸንበቆ በቅሏል፥ ረግረግ ሆኖ ወፎች ይመላለሱበታል። እዚህም ደለል ወደቡን ዘግቶታል። በአንድ ቀን አልዘጋውም፤ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እያመጣ፥ ማንም ሳያስተውለው፥ መርከብ ሊገባበት እስከማይችል ድረስ ሞላው እንጂ። ያን ጊዜ ልቤ ወቀሰኝ። በድንጋዩ ላይ ተቀመጥንና፥ “ወንድም ጋሼ፥ ያን ደብዳቤ አግኝተኸው ነበርን?” አልሁት።

“አግኝቼዋለሁ” አለ።

“ምን አደረግኸው?”

“ከእኔ ጋር አለ። እናቴ የት እንዳረፈች፥ ማን እንደ ፈታት፥ ማን እንደ ሸኛት የነገረኝ ሌላ ወረቀት የለኝምና አልጣልሁትም። አንደኛውን ገጽ በየጥሩ አነበዋለሁ። ሁለተኛውን ማንበብ ግን ከተውሁ ቈይቻለሁ።”

ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ ነገረኝ። በ2008 ዓ.ም. የመኖሪያ ፈቃዱ ገና አልተወሰነለትም ነበር፤ ከአገሩ ከወጣ ተመልሶ አይገባም። መርዶውን የሰማው በአንድ ምግብ ቤት ጓዳ ሳሕን ሲያጥብ ነበር። አሠሪው እንዲሄድ አልፈቀደለትምና እስከ እኩለ ሌሊት አጠበ። ወደ ክፍሉ ሲመለስም እግዚአብሔር ያጽናህ የሚለው አንድ ሰው አልነበረም። የላከው ገንዘብ ደግሞ ተበድሮት ነበር፤ ዕዳውንም በሁለት ዓመት ከፈለ።

አንባቢ ሆይ፥ እኔ በእናቴ ሞት ጊዜ ድንኳን ተተክሎልኝ ነበር። ዕድርተኛው፥ ጎረቤቱ፥ የማኅበር ወንድሞቼ ሌትና ቀን ከበውኝ ነበር፤ ንፍሮው ተቀቅሎ፥ ቡናው ተፈልቶ፥ ብቻዬን እንዳልተኛ ሰው እያደረ ነበር። ያን ሁሉ ማጽናናት ተቀብዬ ስጨርስ ተነሥቼ፥ ማንም ያላጽናናውን ወንድሜን ከሰስሁት። ቀብሩን የቈጠርሁት በቆመው ሰው ብዛት ነበር፤ ብቻውን ቆሞ ያለቀሰውን አልቈጠርሁትም። ይህን በተረዳሁ ጊዜ ከድንጋዩ ተነሥቼ እግሩ ላይ ልወድቅ አልሁ፤ እርሱ ግን ክንዴን ይዞ፥ “ተው፥ ተው፥ ሰው ያየናል” አለኝ። ቱርኮቹ ጐብኚዎች በእርግጥ ያዩን ነበር። እኛም ሣቅን፥ ከዚያም አለቀስን፤ ዘጠኝ ዓመት የዘገየ ለቅሶ በባዕድ ጎተራ ደጅ ተለቀሰ።

ከዚያ በኋላ ያየሁት ሁሉ መልኩ ተለወጠ። በትንሽ ጀልባ ወደ ኬኮቫ ደሴት ሄድን፤ በጥንት የምድር መናወጥ ወደ ባሕር የሰመጠው ከተማ ደረጃውና ግድግዳው በጠራው ውኃ ሥር ይታያል። ፓታራም ደረስን፤ በቅዱስ መጽሐፍ ጳጥራ የተባለችው፥ ቅዱስ ኒቆላዎስም የተወለደባት ናት ተብሎ የሚነገርላት ከተማ ናት። በዚያ የሊቅያ 23 ከተሞች መልእክተኞቻቸውን ልከው የሚመክሩበት የሸንጎ ቤት በዘመናችን ታድሶ ቆሟል። ታላላቆቹ ከተሞች ሦስት፥ መካከለኞቹ ሁለት፥ ታናናሾቹ አንድ ድምፅ ነበራቸው፤ በ1787 ዓ.ም. አሜሪካውያን ሕገ መንግሥታቸውን ሲያወጡ ይህን ሥርዓት ለምሳሌ ጠቅሰውታል። ወንድሜ በድንጋዩ ወንበር ተቀምጦ፥ “እኔ ታላቅ ነኝና ሦስት ድምፅ አለኝ” ሲል፥ በልጅነታችን እንዲህ ያሾፍብኝ እንደ ነበር ትዝ አለኝ።

በፓታራ ባሕር ዳር አሸዋው እስከ ዓይን መጨረሻ የተዘረጋ ነው። የባሕር ኤሊዎች በበጋ ሌሊት ከውኃው ወጥተው ዕንቁላላቸውን በዚያ ይቀብራሉና፥ ከመሸ በኋላ ሰው እንዳይገባ ተከልክሏል። ጧት ስንሄድ የእናቲቱ ኤሊ ዱካ ከውኃው እስከ ጉድጓዷ ተሥሎ አየን። ጠባቂው እንደ ነገረን፥ ሴቲቱ ኤሊ ብዙ ዓመት በባሕር ዞራ፥ ለመውለድ የምትመለሰው ወደ ተፈለፈለችበት ዳርቻ ነው። ወንድሜ ዱካውን ብዙ ጊዜ ተመለከተና፥ “ኤሊዋስ ከእኔ ትሻላለች” አለ። እኔም፥ “ኤሊዋ የምትጠየቀው ወረቀት የለባትም” ብዬ መለስሁለት።

በአሥረኛው ቀን በአንታልያ አውሮፕላን ጣቢያ ተለያየን። ለእናታችን ሙት ዓመት በጥር እንደሚመጣ ነገረኝ፤ አሁን ፓስፖርት አለው፥ የሚከለክለውም የለም። እኔም ከተመለስሁ በኋላ ወደ መቃብሯ ሄጄ ሣሩን አጨድሁ፥ በአጠገቡም ለአንድ ሰው የሚሆን መቀመጫ ድንጋይ አኖርሁ።

እንግዲህ ለዕረፍት ብሎ ባሕር መሻገር ከንቱ ነውን? ገንዘብን ለመበተንና ለመታየት ብቻ የሚሄድ ሰው እንዳለ አላጣሁትም። ነገር ግን ሰው ከዕለት ሥራው ርቆ፥ ከማያውቀው ሕዝብ እጅ እንጀራ በልቶ፥ የፈረሰውን ሲያይ የራሱን ፍርስራሽ የሚያይበት ጊዜ አለ። ወንዝ ወደቡን ሲዘጋ ድምፅ አያሰማም። ስለዚህ፥ ወንድሞቼ፥ ከዘመድ ጋር ያላችሁን መግቢያ በየዓመቱ ጥረጉት፤ የእኔ እንደ አንድሪያኬ ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር።